ከተማችን ለመኖር ምን ያህል ምቹ ናት? ይፋዊ መረጃዎችን በመጠቀም የአነስተኛ ከተማን ምቹነት ስለመመዘን

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ የመዛወር ዕድል ሲያገኝ፣ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን የት እንደሚያሳድግ ሲመክር፣ ከውጭ ሀገር የተመለሰ ዜጋ ቤት የሚሠራበትን ቦታ ሲያማርጥ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከተማዋ ለመኖር እንዴት ናት?» ለዚህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚፈለገው ከዘመድ፣ ከጓደኛና ከደላላ ነው። ከእነዚህ የሚገኘው መረጃ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ለሕዝብ ይፋ የሆኑ ስታትስቲካዊ መረጃዎችን አንብቦ መረዳት የቻለ ዜጋ ውሳኔውን በተሻለ መሠረት ላይ ያቆማል፤ ነዋሪ በሆነበት ከተማም ለአስተዳደሩ የሚያቀርበው ጥያቄ የተጨበጠ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተገልጋዮች የአንድን አነስተኛ ከተማ ምቹነት በራሳቸው ለመመዘን የሚያስችላቸውን ግንዛቤ መስጠት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

የመኖር ምቹነት ሲባል

ምቹነት የከተማ ውበት ወይም የሕንፃዎች ከፍታ ማለት አይደለም። አንድ ነዋሪ በዕለት ተዕለት ሕይወቱ የሚያስፈልጉትን መሠረታዊ ነገሮች በአቅራቢያው፣ በሚችለው ዋጋና በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያገኝ ከሆነ ከተማው ለመኖር ምቹ ነው ይባላል። እነዚህም ንጹሕ ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ መጠለያ፣ ሥራ፣ መንገድና ትራንስፖርት፣ ንጹሕ አካባቢ እንዲሁም ሰላምና ደኅንነት ናቸው።

በሀገራችን የሕዝብ ቆጠራ አሠራር 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ሥፍራ በመርህ ደረጃ ከተማ ተብሎ ይመዘገባል። የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተሞችም የነዋሪያቸው ቁጥር ከዚህ ቢያንስ እንኳ በከተማነት ይቆጠራሉ። ስለዚህ «አነስተኛ ከተማ» የሚለው መጠሪያ ከጥቂት ሺህ ነዋሪዎች አንሥቶ እስከ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላቸውን ከተሞች ያቅፋል። የአነስተኛ ከተማ ልዩ ጠባይ አንድ ነጠላ ለውጥ መላውን ገጽታዋን መቀየሩ ነው። በትልቅ ከተማ አንድ ጉድጓድ ቢደርቅ ችግሩ በአንድ ሠፈር ሊወሰን ይችላል፤ በአነስተኛ ከተማ ግን ከተማው ሁሉ ይጠማል። በተመሳሳይ አንድ ፋብሪካ ሲከፈት ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የቤት ኪራይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። በመሆኑም የአነስተኛ ከተማ መረጃ ሲነበብ መረጃው የተሰበሰበበትን ጊዜ ማየት ከሁሉ ይቀድማል።

መረጃው ከየት ይገኛል?

ይፋዊ መረጃዎች ከሦስት ዓይነት ምንጮች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በሀገራችን ሦስት ቆጠራዎች የተካሄዱ ሲሆን፣ እነርሱም በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተከናወኑት ናቸው። ቆጠራ እያንዳንዱን ሰውና ቤት ስለሚመዘግብ እስከ ከተማና ቀበሌ ድረስ የተዘረዘረ መረጃ ይሰጣል።

ሁለተኛው የናሙና ጥናት ነው። ቀድሞ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የሚያካሂዳቸው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የከተሞች የሥራ ስምሪትና ሥራ አጥነት ጥናት፣ የዋጋ ጥናትና ሌሎችም በዚህ ይመደባሉ። የናሙና ጥናት ከቆጠራ ይልቅ ወቅታዊ ነው፤ ሆኖም ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በሀገርና በክልል ደረጃ እንጂ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ደረጃ አይገለጽም።

ሦስተኛው የአስተዳደር መዝገብ ነው። የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የደንበኞች መዝገብ፣ የጤና ጣቢያ ወርሃዊ ሪፖርት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪዎች ቁጥር፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት የንግድ ፈቃድ መዝገብ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መረጃ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ለአነስተኛ ከተማ እጅግ ቅርብና ወቅታዊ የሆነው ምንጭ ይህ ነው። ሆኖም መዝገቡ ወደ አገልግሎቱ የመጡትን እንጂ ያልመጡትን እንደማያሳይ መዘንጋት የለበትም።

ሁሉም ስሌት የሚያርፍበት ቁጥር፦ የነዋሪው ብዛት

የአገልግሎት ሽፋን የሚገለጸው በነፍስ ወከፍ ወይም በመቶኛ ነው። ስለዚህ የትኛውም ስሌት አካፋዩ የነዋሪው ቁጥር ነው። አካፋዩ ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ይሳሳታል።

ደብረ ብርሃንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ጥንታዊ ከተማ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 38,717 ነዋሪዎች ነበሯት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 65,231 ሆነዋል። ይህም በ12 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ የ26,514 ሰዎች ጭማሪ ሲሆን፣ በዓመት በአማካይ ከ4 በመቶ በላይ ዕድገት ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የሀገሪቱ አጠቃላይ የሕዝብ ዕድገት በዓመት 2.6 በመቶ ነበር።

በዓመት 4 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ በ17 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከተማዋ በዚያው ፍጥነት ቀጥላለች ብለን ብናሰላ በ2016 ዓ.ም. ከ130,000 በላይ ነዋሪ ይኖራታል ማለት ነው። ይህ የቁጥር ስሌት እንጂ ይፋዊ ትንበያ አይደለም። ነገር ግን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ መቋቋሙን፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎች ፋብሪካዎች ሥራ መጀመራቸውን፣ በቅርብ ዓመታትም ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተፈናቀሉ ወገኖች በከተማዋ መጠለላቸውን ስናስብ በቆጠራው ቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ ስሌት ከእውነታው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል እንረዳለን። ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ተፈናቃዩ በቆጠራው መዝገብ ላይ ባይኖሩም ከዚያው ቧንቧ ይጠጣሉ፤ በዚያው ጤና ጣቢያ ወረፋ ይይዛሉ።

ስለዚህ ስለ ማንኛውም ከተማ «ሽፋኑ ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» የሚል ሪፖርት ሲያጋጥምዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «በየትኛው ዓመት የሕዝብ ቁጥር ተሰልቶ?» የሚል ይሁን። መልሱ «በቆጠራ» ወይም «በቆጠራ ላይ በተመሠረተ ትንበያ» ወይም «በከተማው አስተዳደር ምዝገባ» የሚል ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ቁጥሮች የሚለያዩ ከሆነ ሪፖርቱን ከሦስቱም አንጻር ማስላት ተገቢ ነው።

ውሃ፦ ሽፋንና አቅርቦት አንድ አይደሉም

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በከተማ ከሚኖሩ አባወራዎች 97 በመቶ የሚሆኑት የመጠጥ ውሃ የሚያገኙት ከተሻሻለ ምንጭ ነው። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ የከተማ ነዋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው በየግቢው የተደረደረው ጀሪካን ሌላም ታሪክ ይናገራል። «የተሻሻለ ምንጭ» የሚለው መለኪያ ውሃው ከቧንቧ፣ ከቦኖ ወይም ከተጠበቀ ጉድጓድ መገኘቱን ይገልጻል እንጂ በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀንም ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አይናገርም። በዓለም አቀፍ ደረጃ «ደኅንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ የሚቀርብ» የሚባለው የመጠጥ ውሃ በቅጥር ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚቀርብና ከብክለት ነጻ የሆነ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መስፈርቱ አይሟላም።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከተሞች በነዋሪያቸው ብዛት በአምስት ደረጃ ተመድበው ለእያንዳንዳቸው የውሃ አቅርቦት መስፈርት ወጥቶላቸዋል። በዚህም መሠረት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች በሰው በቀን 100 ሊትር፣ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ላላቸው 80 ሊትር፣ ከ50,000 እስከ 100,000 ላላቸው 60 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ላላቸው 50 ሊትር፣ ከ20,000 በታች ላላቸው ደግሞ በ250 ሜትር ርቀት ውስጥ 40 ሊትር ነው።

ይህን መስፈርት በመጠቀም ማንኛውም ነዋሪ ቀላል ስሌት ሊሠራ ይችላል። ለምሳሌ ያህል 60,000 ነዋሪ ያላት ከተማ በቀን 4,000 ሜትር ኩብ ውሃ ታመርታለች እንበል። ምርቱ ለነዋሪው ሲካፈል በሰው 67 ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ 60 ሊትር ከሚለው መስፈርት በላይ ስለሆነ ከተማዋ ግቧን አሳክታለች ያሰኛል። ነገር ግን ከተመረተው ውሃ 30 በመቶው በመሥመር ላይ የሚባክን ከሆነ ለነዋሪው የሚደርሰው 2,800 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ በሰው 47 ሊትር ገደማ ይሆናል። የነዋሪው ትክክለኛ ቁጥር 80,000 ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው ድርሻ ወደ 35 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ሁለት ጀሪካን አይሞላም። ፓምፑ ያው ነው፤ ጉድጓዱም ያው ነው። የተለወጠው የተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው።

በመሆኑም ስለ ውሃ ሲጠይቁ ከሽፋኑ መቶኛ በተጨማሪ በቀን የሚመረተውን መጠን፣ የሚባክነውን ድርሻ፣ የፈረቃውን መርሐ ግብርና የውሃ ጥራት ምርመራ ውጤትን ይጠይቁ። ፈረቃው በቀበሌ ተለይቶ ቢገለጽልዎ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከፍታ ላይ ያለ ሠፈርና ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ ሠፈር በአንድ አማካይ ቁጥር ሊገለጹ አይችሉምና።

ከውሃ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የመጸዳጃ ቤት አገልግሎት ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በከተማ ለራሳቸው ብቻ የሚጠቀሙበት የተሻሻለ መጸዳጃ ቤት ያላቸው አባወራዎች 16 በመቶ ሲሆኑ፣ 35 በመቶው ከሌሎች ጋር በጋራ የሚጠቀሙ ነበሩ። ለኪራይ ቤት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ከመንገዱ አስፋልት ይልቅ ስለ ዕለት ኑሮው ብዙ ይነግረዋል።

ጤና፦ ተቋሙ የሚያገለግለው ማንን ነው?

በሀገራችን የጤና አደረጃጀት መሠረት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰዎች፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆኑ ሰዎች፣ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠበቃል። የከተማዎን ነዋሪ ቁጥር ከዚህ መስፈርት ጋር በማነጻጸር የጤና ተቋማቱ ብዛት በቂ መሆን አለመሆኑን መገመት ይቻላል።

ይሁንና የዞን ወይም የወረዳ ዋና ከተማ የሆነች አነስተኛ ከተማ ሆስፒታሏ የሚያገለግለው የራሷን ነዋሪ ብቻ አይደለም። የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከሰሜን ሸዋ ዞን ወረዳዎች በሪፈር የሚመጡ ታካሚዎችን ጭምር ያስተናግዳል። ስለዚህ አልጋዎቹን ለከተማው ነዋሪ ብቻ ማካፈል ከተማዋ ካላት በላይ ታድላለች የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደርሳል። እዚህም ላይ አካፋዩ የከተማው ሕዝብ ሳይሆን ተቋሙ የሚያገለግለው ሕዝብ ሁሉ ሊሆን ይገባል።

ከተቋማት ብዛት ይልቅ አገልግሎቱን የሚያሳዩ ቁጥሮችም አሉ። ከእነዚህ መካከል በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ድርሻ፣ ክትባታቸውን ያጠናቀቁ ሕፃናት ብዛትና ከተዘረዘሩት መሠረታዊ መድኃኒቶች ውስጥ በወሩ ያልተቋረጡት ይጠቀሳሉ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ነበሩ። በከተማ መኖር ለአንዲት ነፍሰ ጡር ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ከዚህ ይታያል።

ትምህርት፦ ክፍሉ፣ ፈረቃውና ውጤቱ

የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የትምህርት ስታትስቲክስ የተማሪ ክፍል ጥምርታን ይገልጻል። መስፈርቱ ለአንደኛ ደረጃ 50 ተማሪ፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በአንድ ክፍል ነው። ሆኖም ጥምርታው ብቻውን ሊያዘናጋ ይችላል። 12 መማሪያ ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት 1,200 ተማሪዎችን በሁለት ፈረቃ ቢያስተምር በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይሆናል፤ በሪፖርት ላይ መስፈርቱ ተሟልቷል። ልጁ ግን በትምህርት ቤት የሚያሳልፈው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ወላጅ ከጥምርታው ጋር የፈረቃውን ሁኔታ፣ የመምህራኑን የትምህርት ደረጃና ከትምህርት ገበታ ያቋረጡትን ተማሪዎች ድርሻ አያይዞ መጠየቅ ይኖርበታል።

የብሔራዊ ፈተና ውጤትም ጠቃሚ አመላካች ነው፤ ነገር ግን የአንድ ዓመት ውጤት በቂ አይደለም። አነስተኛ ከተማ ውስጥ የተፈታኞች ቁጥር ጥቂት ስለሆነ አሥር ተማሪዎች ብቻ የአንድን ትምህርት ቤት መቶኛ በጉልህ ሊያወጡትና ሊያወርዱት ይችላሉ። የሦስትና የአራት ዓመታት ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ እውነተኛው አቅጣጫ ይገለጣል።

መኖሪያ ቤትና ሥራ

የተባበሩት መንግሥታት የሰው ሰፈር ድርጅት የአንድን መኖሪያ ቤት በቂነት የሚመዝነው በአምስት ነጥቦች ነው። እነርሱም የቤቱ ጥንካሬ፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው ያልበለጠ መኖሩ፣ የተሻሻለ ውሃ፣ የተሻሻለ መጸዳጃና የይዞታ ዋስትና ናቸው። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የየከተማውን ቤቶች የግድግዳና የጣሪያ ዓይነት፣ የክፍል ብዛትና የባለቤትነት ሁኔታ ስለመዘገበ እንደ መነሻ ያገለግላል።

የኪራይ ዋጋ በሚመለከት በየወሩ የሚወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ በሀገርና በክልል ደረጃ የተጠቃለለ በመሆኑ የአንዲትን አነስተኛ ከተማ የኪራይ ሁኔታ በቀጥታ አያሳይም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይደነግጋል። አዋጁ ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች ምዝገባው ተከራይን ከመጠበቅ ባሻገር ስለ ኪራይ ዋጋ አስተማማኝ መረጃ ያስገኛል። ውልዎን ሲያስመዘግቡ ለራስዎ ዋስትና፣ ለከተማዎ ደግሞ መረጃ እየሰጡ ነው።

ሥራን በተመለከተ በ2010 ዓ.ም. በተካሄደው የከተሞች ጥናት የሥራ አጥነት ምጣኔው 19.1 በመቶ ነበር፤ የሴቶቹም ከወንዶቹ እጅግ የላቀ ነበር። ይህን ቁጥር ሲያነቡ «ሥራ ያለው» ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መስፈርት ጥናቱ በተካሄደበት ሳምንት ለአንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል። ስለሆነም ዝቅተኛ የሥራ አጥነት ምጣኔ በቂ ገቢ አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ለአነስተኛ ከተማ በዓመቱ የታደሱና የተመለሱ የንግድ ፈቃዶችን ቁጥር ማነጻጸር ስለ ከተማው ኢኮኖሚ ቀረብ ያለ ምስል ይሰጣል። በአንድ ፋብሪካ ወይም በአንድ ተቋም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከተማ ተቋሙ ሲቀዘቅዝ አብሮ ስለሚቀዘቅዝ የሥራ ዘርፎቹን ብዝኃነትም መመልከት ተገቢ ነው።

መንገድ፣ አካባቢና ደኅንነት

በከተማ ልማት ዘርፍ በተቀመጠው አቅጣጫ የከተማ መሬት በፕላን ሲመደብ 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ሥፍራ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይመከራል። የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቆ ማየት ይቻላል። ነገር ግን በፕላን ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ቦታ በመሬት ላይም አረንጓዴ መሆኑን በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዘላቂ የልማት ግቦች አለካክ አንድ ነዋሪ በ400 ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ ክፍት የሕዝብ ሥፍራ፣ በ500 ሜትር ውስጥ ደግሞ የሕዝብ ትራንስፖርት መሳፈሪያ እንዲያገኝ ይጠበቃል።

የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብ ከተማው ምን ያህል እንደሚተዳደር ፈጥኖ የሚያሳይ ምልክት ነው። ከሚመነጨው ቆሻሻ ምን ያህሉ ይሰበሰባል? የሚወገደውስ የት ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ከጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት መልስ ያገኛሉ።

የወንጀልና የትራፊክ አደጋ ቁጥሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። በፖሊስ የተመዘገበ ወንጀል መጨመር ወንጀሉ መጨመሩን ሊያሳይ ይችላል፤ ኅብረተሰቡ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት አድጎ ብዙ ሰው ማመልከቱንም ሊያሳይ ይችላል። 

ቁጥሮቹን እንዴት እናጠቃልላቸው?

ብዙ ሰው ሁሉንም አመላካቾች ደምሮ አንድ ነጥብ መስጠት ይቀናዋል። ይህ አሠራር አደጋ አለው። ጥሩ መንገድ ያላት ነገር ግን ውሃ የሌላት ከተማና መንገዷ ያልተስተካከለ ነገር ግን ውሃ የማይቋረጥባት ከተማ በድምር እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሕፃን ልጅ ላላት እናት ግን ሁለቱ ከተሞች እኩል አይደሉም። ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል መከተል ይመከራል።

አንደኛ፣ ያለ እነርሱ መኖር የማይቻልባቸውን ነገሮች ለይተው ያስቀምጡ። ለአብዛኛው ቤተሰብ እነዚህ ውሃ፣ ጤና፣ ደኅንነትና የልጆች ትምህርት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከመስፈርት በታች ከሆነ የሌሎቹ መልካምነት አያካክሰውም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በሦስት ጥያቄ ይፈትኑ፦ መቼ የተሰበሰበ ነው? ለስንት ሕዝብ የተካፈለ ነው? በከተማው ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ሦስተኛ፣ ከተማውን ከአዲስ አበባ ጋር ሳይሆን በነዋሪ ብዛትና በአየር ጠባይ ከምትመስላት ከተማ ጋር፣ ከዚያም በላይ ከራሷ የቀደሙ ዓመታት ጋር ያነጻጽሩ። ዛሬ ዝቅተኛ ሆና በየዓመቱ የምትሻሻል ከተማ፣ ዛሬ ከፍተኛ ሆና በየዓመቱ ከምታሽቆለቁል ከተማ ልትመረጥ ትችላለች።

አራተኛ፣ ቁጥሩን በዐይን ያረጋግጡ። ከተማዋን በሥራ ቀንና በበጋ ወራት ይጎብኙ። በቦኖ ያለውን ወረፋ፣ በጤና ጣቢያ ያለውን የጥበቃ ጊዜ፣ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት ይመልከቱ። የክረምት ጉብኝት የውሃ እጥረትን ይሸፍናል፤ የበጋ ጉብኝት ደግሞ የጎርፍ ማፋሰሻ ችግርን ይሸፍናል። ቢቻል ሁለቱንም ማየት ይበጃል።

መረጃ መጠየቅ መብት ነው

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መብት በዝርዝር ያስቀመጠ ሲሆን፣ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል። ምላሽ ያላገኘ ወይም ያለ በቂ ምክንያት የተከለከለ ዜጋ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።

ጥያቄ ሲያቀርቡ ግልጽና የተወሰነ ይሁን። «ስለ ውሃ መረጃ ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «በዚህ በጀት ዓመት በየወሩ የተመረተው ውሃ መጠን፣ ለደንበኞች በቆጣሪ የተሸጠው መጠንና የየቀበሌው የፈረቃ መርሐ ግብር» ብሎ መጠየቅ ፈጣንና የተሟላ ምላሽ ያስገኛል። በተመረተውና በተሸጠው መካከል ያለው ልዩነት የብክነቱን መጠን በራሱ ይነግርዎታል።

በመጨረሻም ሊተኮርበት የሚገባው ጉዳይ ነዋሪው መረጃ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን የመረጃ ምንጭም መሆኑ ነው። የልጁን ልደት በወቅቱ ያላስመዘገበ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ የቤተሰቡን ቁጥር አሳንሶ የነገረ፣ አድራሻ ሲቀይር ለቀበሌው ያላሳወቀ ሰው በከተማው አካፋይ ውስጥ አይገኝም። ያልተቆጠረ ቤተሰብ ውሃ ሲታቀድ አይታሰብለትም፤ የመማሪያ ክፍል ሲሠራ ለልጁ ወንበር አይያዝለትም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ በመካሄድ ላይ ይገኛል። በመሆኑም ተገልጋዮች ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በየአካባቢያቸው በሚገኙ የምዝገባ ጽሕፈት ቤቶች በወቅቱ እንዲያስመዘግቡ፣ ለቆጠራና ለጥናት ሠራተኞችም ትክክለኛ መረጃ እንዲሰጡ እናሳስባለን። የከተማችን ምቹነት በትክክል ሊመዘን የሚችለው ሁላችንም በቁጥሩ ውስጥ ስንገኝ ነው።